አፈር ይነዳል ብዬ የቆምኩበት ቀን

ሰው ትክክል ሆኖም የሚሸነፍበት ቀን አለ። እኔን የገጠመኝ ሰበታ ላይ ነው። የማስተር ፕላኑ ነገር ተነስቶ በአዲስ አበባ ዙሪያ ያለው ከተማ ሁሉ፣ ቡራዩም ሱሉልታም፣ መንገዱ በድንጋይ ሲዘጋና ሲከፈት በከረመበት ዓመት፣ ታኅሣሥ ውስጥ። ለራሴ ብዙ ጊዜ ተርኬዋለሁ። ሙሉውን ለሰው ሳወራው ግን ይህ የመጀመሪያዬ ነው፤ ስለዚህ ከዳር ጀምሬ ቀስ ብዬ ልንገራችሁ።

ያኔ ከዩኒቨርሲቲ ከወጣሁ ብዙም አልቆየሁም። ሶዶ ተወልጄ ያደግኩ፣ ሰበታ ላይ ዘመድ የሌለኝ፣ ዓለም ገና አካባቢ አንዲት ክፍል ተከራይቼ የምኖር የኬሚካል መሐንዲስ ነበርኩ። እሁድ ጸሎት ቤት እሄዳለሁ፤ የቀረው ሕይወቴ ፋብሪካ ነው። የኑግ ዘይት የሚያጣራ ፋብሪካ።

ኑግ ተጨምቆ የሚወጣው ዘይት ጥቁር ነው። ገበያው ደግሞ የነጣውን ይፈልጋል። እንዲነጣ ዘይቱን አሙቀን ደቃቅ ነጭ አፈር እንበጠብጥበታለን፤ አፈሩ ቀለሙን ይይዛል። ከዚያ ብጥብጡን በፓምፕ እየገፋን በብረት ሳህኖች መሀል በተወጠሩ ጨርቆች ውስጥ እናሳልፈዋለን። ዘይቱ ጠርቶ ያልፋል፤ አፈሩ ጨርቁ ላይ እየተለጠፈ ይወፍራል። ያንን የተጋገረ አፈር ኬክ እንለዋለን። ጠላ በጨርቅ ጠልላችሁ የምታውቁ ነገሩ አይጠፋችሁም። መጀመሪያ ይንዠቀዠቃል፤ አተላው እየተጋገረ ሲሄድ ጠብ ጠብ ማለት ይጀምራል። በስተመጨረሻ የሚያግደው ጨርቁ ሳይሆን ራሱ አተላው ነው።

በዚያ ሰሞን ማጣሪያችን እየተጓተተ አስቸግሮ ነበር። ሥራ አስኪያጁ ጋሽ ፍሥሐ ጥፋቱን የጣሉት ማጣሪያውን በሚያንቀሳቅሰው በገመቹ ላይ ነው፤ ጨርቁን በደንብ አያጥብም አሉ። ገመቹ የአካባቢው ልጅ ነው። አባቱ ኦቦ ደበላ ጤፍ ይዘሩበት የነበረው መሬት ዛሬ የፋብሪካው አጥር ውስጥ ነው ያለው። እሱ ግን በዚህም ይቀልዳል። ጠዋት ዘግይቶ ሲመጣ «እናንተ ሥራ ትገባላችሁ፤ እኔ እኮ ቤቴ ነው የምመጣው» ይለናል።

ጥፋቱ የማን እንደሆነ ለማወቅ ያለኝ መንገድ አንድ ነበር። ግፊቱን አንድ ቦታ ላይ አስረን፣ ምን ያህል ዘይት በምን ያህል ጊዜ እንደወጣ እየለካን፣ ጊዜውን ለዘይቱ መጠን አካፍዬ ከዘይቱ መጠን ጋር በወረቀት ላይ ነጥብ በነጥብ አስቀመጥኩት። ነጥቦቹ ቀጥ ያለ መስመር ይሠራሉ። መስመሩ ገና ሲነሳ ከፍ ብሎ ከጀመረ ጨርቁ ተደፍኗል ማለት ነው። አነሳሱ ዝቅ ብሎ ሽቅብ የሚወጣ ዳገት ከሆነ ደግሞ እምቢ ያለው ኬኩ ነው። የእኛ መስመር ከሥር ተነስቶ እንደ ወጨጫ ተራራ ዳገት ቀጥ ብሎ ወጣ። ጨርቁ ንጹሕ ነበር። ችግሩ በቅርቡ የቀየሩት አዲሱ አፈር ነው፤ ከልክ በላይ ደቃቅ ስለሆነ ራሱን በራሱ ይደፍናል።

ጋሽ ፍሥሐ አፈሩን አልቀየሩም። ግፊቱን ጨምሩ አሉ። ጨመርን። ኬኩ ይባስ ተጠቀጠቀ፤ ዳገቱም ባሰ። ቀጥለው ያዘዙት ነው ጦሱ። በየዙሩ መጨረሻ ኬኩ ውስጥ የቀረውን ዘይት በእንፋሎት እየነፋን እናስወጣ ነበር። እሱ ጊዜ ይፈጃልና ይቅር አሉ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ኬኩ ዘይቱን እንደጠጣ፣ እንደ ትኩስ ጭቃ እየተላቀቀ መውደቅ ጀመረ።

ቢሯቸው ገብቼ ነገርኳቸው። የኑግ ዘይት በደቃቅ አፈር ላይ ተሰራጭቶ አየር ሲያገኝ ከራሱ ይግላል፤ ክምሩ ውስጥ ሙቀቱ መውጫ ሲያጣ ይነዳል አልኳቸው። አልተቆጡም። «በየቀኑ እየተጣለ አይደል እንዴ፣ አስቱ?» አሉኝ። እውነት ነው፤ ትራክተር በየቀኑ ከከተማ ውጭ ጉድጓድ ወስዶ ይደፋውና ውሃ ይርከፈከፍበት ነበር።

ከዚያ መንገድ ተዘጋ።

ትራክተሩ መምጣት አልቻለም። ኬኩ ግቢው ውስጥ ተከመረ። ጋሽ ፍሥሐ ክምሩ ከመንገድ ታይቶ ሽታውም ወጥቶ ጎረቤት እንዳያስነሳብን ብለው ወደ ኋለኛው መጋዘን፣ ባዶ ካርቶን ከሚቀመጥበት ጎን አስገቡት አሉ። እኔ እዚያ አይሆንም አልኩ። ለአንድ ሌሊት ነው አሉኝ።

ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ሰልፈኞቹ መጡ። አስፋልቱን ሞልተው እየዘመሩ ነበር። እጃቸውን ጭንቅላታቸው ላይ አጣምረው የሚሄዱ አሉ፤ ድንጋይ የያዙም አሉ። በሩ መደብደብ ሲጀምር ጥበቃዎቹ ወደ ውስጥ ሸሹ። እኔም ከሠራተኞቹ ጋር ከማጣሪያው ጀርባ ነበርኩ። አጠገቤ ያለችው ልጅ እጄን ይዛ ትንቀጠቀጣለች፤ እንደኔው ከደቡብ የመጣች ናት፣ የሚባለው አይገባትም።

ገመቹ ብቻውን ወደ በሩ ሄደ። ትንሿን በር ከፍቶ ወጣና መልሶ ከኋላው ዘጋት። በኦሮምኛ ሲናገር ይሰማናል፤ ድምፁ ከፍ አላለም። ኋላ እንደነገረን ከፊት ከቆሙት አንዱ የአጎቱ ልጅ ነበር። ውስጥ ያሉት የእናንተው እህትና ወንድሞች ናቸው፣ ይህ ከተቃጠለ ነገ እኔም አብሬያችሁ ሥራ ፈት ነኝ፣ አባቴም መሬቱን መልሶ አያገኘውም አላቸው። ጩኸቱ ሲረግብ፣ ቀጥሎም ዘፈኑ ወደ ጅማ በር ሲርቅ ሰማን። ገመቹ ሲመለስ ሸሚዙ ላብ በላብ ሆኗል። «ነጋ፣ ነጋ» አለን፣ በኦሮምኛ ሰላም ነው ለማለት። ጋሽ ፍሥሐ አቅፈው ሳሙት። ይህን በዓይኔ አይቻለሁ።

መንገዱን ስላላመንነው ሁላችንም ፋብሪካው ውስጥ አደርን። ሊነጋጋ ሲል ከኋለኛው መጋዘን ጭስ ወጣ። በሩን ስንከፍት ነበልባሉ ካርቶኑን ይዞ ጣሪያው ጋ ደርሷል። በባልዲ ተረባረብን። መጋዘኑ ሙሉ በሙሉ፣ ከጎኑ ያለው ማሸጊያ ክፍልም ከነማሽኑ ነደደ። ማጣሪያው ያለበትን ክፍል ግን አተረፍነው። ሰው አልሞተም። ያን ጊዜ እግዚአብሔርን ያመሰገንኩት በዚህ ነበር።

ጠዋት ወታደሮች በመኪና ደረሱ። አዛዣቸው ብዙም ዕድሜ የሌለው፣ ፊቱን የተላጨ፣ ጸጥ ያለ ሰው ነው። ግቢውን ዞሮ አየና ማን እንዳቃጠለ ጠየቀ። ጋሽ ፍሥሐ ትናንት የመጡት ናቸው አሉ። ከውስጥ ያነጋገራቸው አለ ወይ ሲል ዓይናቸው ገመቹ ላይ አረፈ። ከጥበቃዎቹ አንዱ የቀረውን ጨረሰው፤ ወጥቶ በቋንቋቸው ሲያወራ እንደነበር፣ ዘመዱም መሀላቸው እንደነበር ተናገረ።

ገመቹን ጠጠሩ ላይ አንበረከኩት። እጁን ወደ ኋላ አሰሩ። ሲመቱት ድምፅ አላወጣም፤ ይሰማ የነበረው ዱላው ነው። ሁላችንም በሰልፍ ቆመን እንድናይ ታዘዝን።

ከሰልፉ የወጣሁት አስቤ አይደለም። እግሬ ቀደመኝ። አዛዡ ፊት ቆሜ እሳቱን ሰው እንዳልለኮሰው፣ መጋዘን ውስጥ የተከመረው ኬክ ከራሱ እንደተቀጣጠለ ነገርኩት። ዱላው ቆመ።

«ምንድን ነው ያልሽው?»

«ኬኩ። ከማጣሪያው የሚወጣው፣ ዘይት ያለበት አፈር።»

«ኬክ?» አለና ወታደሮቹን አየ። «የልደት ነው የሠርግ?»

ወታደሮቹ ሳቁ። ከኋላዬ የቆሙት ሠራተኞችም ሳቁ። ከፍርሃት እንደሆነ ይገባኛል፤ ጆሮዬ ግን እስከ ዛሬ አልረሳውም።

«እኔ የገበሬ ልጅ ነኝ» አለኝ፣ ድምፁን ሳይቀይር። «አፈር አውቃለሁ። አፈር ይነዳል?»

«ይሄኛው ይነዳል።»

ወደ ጋሽ ፍሥሐ ዞሮ እውነቷን ነው ወይ አላቸው። አንድ ቃል ይበቃ ነበር። ጋሽ ፍሥሐ መሬት መሬት እያዩ እሷ ገና ልጅ ናት፣ ከመጽሐፍ ያነበበችውን ነው የምትናገረው አሉ። ለምን እንዳሉት ያኔ አልገባኝም። ቆይቶ ነው የሰማሁት፤ በሁከት የተቃጠለ ፋብሪካ ከመንግሥት ድጋፍ ይጠብቃል፣ በራሱ ዝርክርክነት የተቃጠለ ግን ማንም አያዝንለትም።

አዛዡ ሰዓቱን አየ። ከፊታቸው ያለው መንገድ እስኪከፈት እነሱም ግቢው ውስጥ መቆየታቸው አልቀረም። «እንግዲያው አንድጂልኝ» አለ። «ከነደደ ልጁ ቤቱ ይገባል። ካልነደደ አብረሽው ትሄጃለሽ።»

ማጣሪያው ውስጥ የመጨረሻው ዙር ኬክ ሳይወጣ ተቆልፎ አድሯል፤ በብረቱ ታፍኖ ስለቆየ ገና ትኩስ ነበር። ሳህኖቹን አላቀን ኬኩን አወረድነው። ግቢው መሀል ጆንያ አንጥፌ፣ ሁለት ወታደሮች ከአጠገቤ ሳይለዩ፣ በአካፋ ከመርኩት። ክብሪትም ሆነ ሌላ ነገር እንደሌለኝ ለማሳየት ጋዋኔን አውልቄ ኪሴን ገለበጥኩ። ከዚያ ቴርሞሜትሩን ክምሩ ውስጥ ከትቼ አጠገቡ ተቀመጥኩ።

ገመቹ ከክምሩ ማዶ ተንበርክኳል። ፀሐዩ ፊቱ ላይ ነው። አንድ ዓይኑ አብጦ ተዘግቷል፤ በሌላኛው ክምሩን ያያል።

ሙቀቱ ቀስ እያለ ወጣ። ከዚያ ቆመ። ጭራሽ ወደ ታች መመለስ ጀመረ። ያን ጊዜ የተሰማኝን ፍርሃት በቃል ልነግራችሁ አልችልም። የማውቀው ሁሉ ውሸት መሰለኝ። ክፍል ውስጥ የተማርኩት፣ በወረቀት ላይ ያሰመርኩት፣ የሰው ሕይወት ሲሰቀልበት እንደ ሸረሪት ድር ቀጠነብኝ። ዓይኔን ጨፍኜ ጸለይኩ። ስገልጥ የታኅሣሥ ነፋስ ከክምሩ ላይ እንፋሎቱን ሲያንሳፍፈው አየሁ፣ ገባኝም። ክምሬ ትንሽ ነው፤ ከሚያመነጨው የበለጠ ሙቀት ነፋሱ ይወስድበታል። መጋዘን ውስጥ የነበረው ግን ትልቅና ከነፋስ የተጠለለ ነበር።

የቀረውን ኬክ ልጨምር፣ በጆንያም ልሸፍነው ብዬ ለመንኩ። አዛዡ ከጥላው ሥር ሆኖ በእጁ ምልክት ሰጠኝ፤ ሰልችቶታል። ብቻዬን በአካፋ ቆለልኩ። ከሠራተኞቹ የሚያግዘኝ አልተነሳም። ጋሽ ፍሥሐ ግን መጡ። አጠገቤ ቁጢጥ ብለው እንደ አባት በለሆሳስ ነው ያናገሩኝ።

«ልጄ፣ ይቅርብሽ። ለአንድ ሰው ብለሽ የስንቱን እንጀራ ትደፊያለሽ?»

«ትናንት አቅፈው ስመውታል፣ ጋሼ» አልኳቸው።

ተነስተው ሄዱ።

ፀሐይ አናት ላይ ወጥታ አዘቀዘቀች። ገመቹ ወደ ጎኑ ወደቀ፤ አንስተው መልሰው አንበረከኩት። ውሃ ስጡት አልኩ፤ አልሰጡትም። ቴርሞሜትሩ አሁን ሽቅብ መሄድ ጀምሯል። መጀመሪያ በዝግታ፣ ቀጥሎ እያየሁት። ቀድሞ የመጣው ሽታ ነው፤ ኑግ ምጣድ ላይ ሲያር የሚሸተው። ከዚያ ከጆንያው ጠርዝ እንደ ክር የቀጠነ ጭስ ተነሳ። አልጮህኩም። ቆሜ «መጥታችሁ እዩ» ብቻ አልኩ።

አዛዡ መጣ። ሠራተኞቹም በሰልፍ እንደቆሙ አንገታቸውን አሰገጉ። አዛዡ በያዘው ዱላ ጆንያውን ገለጠና ክምሩን ፈለቀቀው። ውስጡ ቀይ ፍም ነበር። አየር ሲያገኝ ብልጭ ብሎ ነበልባል ተነሳ። ገመቹ ደም በሞላው አፉ ፈገግ አለ።

አዛዡ ነበልባሉን ረጅም ጊዜ አየው። ልቡ ሲያመነታ ያየሁ መስሎኝ ነበር፤ አሁን ሳስበው ያሰላ የነበረው ሌላ ነገር ነው። ውሃ አምጣ አለ። ወታደሩ ባልዲውን ደፋበት፣ ደገመበት፣ በጫማውም በታተነው። የቀረው ጥቁር ጭቃ ነበር።

«ምን አየህ?» አለው ወታደሩን።

«ምንም፣ ጌታዬ።»

«እርስዎስ?»

ጋሽ ፍሥሐ ራሳቸውን ግራና ቀኝ ነቀነቁ።

ወደ ሠራተኞቹ ዞረ። ጥያቄውን እንኳ አልደገመውም። አንድ በአንድ አንገታቸውን ደፉ፤ እጄን ይዛ ስትንቀጠቀጥ የነበረችውም ጭምር።

«አንቺስ?»

«እሳት» አልኩት። «እርስዎም አይተውታል።»

«ፀሐይ መቷታል። ጥላ ሥር አስገቧት።»

ገመቹን እንደ ጆንያ አንስተው መኪናው ላይ ጣሉት። ቃል ገብተውልኛል እያልኩ ተከተልኩ። አዛዡ በሩን ሊዘጋ ሲል፣ እኔንም ውሰዱኝ እንጂ አልኩት። ፈገግ አለ። ያን ቀን ፈገግ ሲል ያየሁት ያኔ ብቻ ነው።

«አንቺን አልወስድሽም» አለኝ። «ነድዷል እኮ። እስቲ ለማን እንደምትነግሪ አያለሁ።»

ለማን ያልነገርኩት አለ? ፖሊስ ጣቢያ ሄድኩ፤ አስጠብቀው መለሱኝ። ወደ ሌላ ቢሮ ሄድኩ፤ ማመልከቻዬን ተቀብለው ሁለተኛ እንዳልመጣ መከሩኝ። ከፋብሪካው ያባረሩኝ ወዲያው ነው። የሥራ ባልደረቦቼ ታክሲ ውስጥ ሲያገኙኝ በመስኮት በኩል ወደ ውጭ ያያሉ። ገመቹ የት እንደታሰረ እንኳ ለማወቅ ወራት ፈጀ፤ ካወቅነውም በኋላ እኔን አላስገቡኝም።

ከዓመታት በኋላ እስረኞች ሲፈቱ እሱም ወጣ። ከሰበታ ወደ ተፍኪ በሚወስደው መንገድ ገባ ብሎ ያለው የአባቱ ቤት ድረስ ሄድኩ። ሲያየኝ ከመደቡ ሊነሳ ሞከረ፤ ወገቡ አልታዘዝ አለው። የቀኝ እጁ ጣቶች አይጨበጡም። ቀልዱ ጠፍቷል። ስለ ልጅነት ጓደኞቹ፣ ስለ ከብቶቹ ትንሽ አወራን። ከዚያ ዓይኑን ከመሬት ሳያነሳ የመጣሁበትን ነገረኝ።

«ከሰልፉ ተይዘው አብረውኝ የታሰሩት ድንጋይ ወረወራችሁ ተብለው ተመቱ። ከወር በኋላ ለቀቋቸው» አለኝ። «እኔን ያቆየኝ ያ ክምር ነው። ስላየሁ። አላየሁም በል ይሉኛል፤ እኔ ነኝ የለኮስኩት በል ይሉኛል። ያቺ ሴት ምንህ ናት ብለው ነው ጣቶቼን የሰበሯቸው።»

ባልናገር ኖሮ ትወጣ ነበር ማለት ነው ወይ ብዬ ጠየቅኩት።

«አዎ» አለኝ። ቂም አልነበረበትም። ስለ ዝናብ የሚያወራ ነበር የሚመስለው። ቀጥሎ፣ «ግን ነድዷል፤ አይደል?» አለኝ።

«ነድዷል» አልኩት።

«ብዙ ሲመቱኝ አንዳንዴ እኔ የለኮስኩት ይመስለኝ ነበር» አለ።

ኦቦ ደበላ እስከ ውጭ በር ሸኙኝ። ሽማግሌው አማርኛ ሲናገሩ ቃል እየመረጡ ነው። እጄን በሁለት እጃቸው ያዙ።

«ልጄ፣ ጥሩ ሰው ነሽ። እግዜር ይስጥሽ» አሉኝ። «ሁለተኛ ግን አትምጪ። አንቺን ሲያይ ሌሊቱን አይተኛም።»

እሺ አባባ፣ እንዳሉ አልኳቸው። ሄጄም አላውቅም።

ዛሬ ኮሌጅ ውስጥ አስተምራለሁ። ግፊቱን አስራችሁ ለኩ፣ ነጥቡን አስቀምጡ፣ መስመሩ ጥፋቱ የማን እንደሆነ ይነግራችኋል እላቸዋለሁ ተማሪዎቼን፤ እውነቴን ነው፣ ይነግራቸዋል። ከዚያ ወዲያ ያለውን እንዴት እንደማስተምር ግን አላውቅም። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ሲባል እየሰማችሁ ያደጋችሁ አንባቢዎቼ አትቀየሙኝ። ያን ቀን እውነቱ እስኪያድር አልጠበቀም፤ በጠራራ ፀሐይ፣ በግቢው መሀል፣ ሁሉም ሰው ቆሞ እያየው ነው የነደደው። በተመሳሳይ ቦታ ብቆም ዛሬም እንደምናገር አውቃለሁ። የተናገርኩበትን የሚከፍለው ግን እኔ ላልሆን እንደምችልም አውቃለሁ፤ ይህን የማያውቅ ሰው ደፋር ሲሆን ሳይ አሁን እፈራለታለሁ።

ያን ቀን ግቢው ውስጥ ተሰልፈው ከቆሙት ሠራተኞች አንዷ ዓለም ገና ገበያ ላይ ታጋጥመኛለች። እቅፍ አድርጋ ትስመኛለች፤ ስለ ልጆቿ፣ ስለ ኑሮ ውድነት ታወራኛለች። አንድ ቀን ብቻ፣ ስንለያይ፣ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ «እኔም አይቼዋለሁ» አለችኝ፤ ከዚያ ፌስታሏን አንጠልጥላ ወደ ሰዉ ገባች።